የመዝናኛ መርከቦች የታማኝ ደንበኞች ግብዣ፦ ማን ይጠራል? ወጪውንስ ማን ይሸፍናል?

እ.ኤ.አ. በ2025 አጋማሽ ላይ ካርኒቫል የተባለው ግዙፍ የመዝናኛ መርከብ ኩባንያ አንድ ማስታወቂያ አወጣ። ደንበኞቹ በመርከቦቹ ላይ ያሳለፉትን ቀን እየቆጠረ ደረጃ የሚሰጥበትን አሠራር እንደሚተውና፣ ከ2026 ጀምሮ ባወጡት ገንዘብ መጠን እንደሚመዝናቸው የሚገልጽ ነበር። ለዓመታት ቀን ሲያጠራቅሙ የኖሩ ተሳፋሪዎች ክፉኛ ተቆጡ። ከውጭ ለሚመለከተው ሰው ቁጣው ግራ ያጋባል። የቀረባቸው ምንድን ነው? አንድ ብርጭቆ ወይን፣ ከካፒቴኑ ጋር የሚነሱት ፎቶ፣ ወረፋ ላይ ቅድሚያ ማግኘት? ነገሩ የሚገባን እነዚህ ኩባንያዎች በየጉዞው ለነባር ደንበኞቻቸው የሚያዘጋጁት ግብዣ እንዴት እንደሚሠራ ስናውቅ ነው።

ጉዳዩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩበት ከዋሽንግተን ዙሪያ ባልቲሞር ወደብ ድረስ መኪና ለሚነዳ ሰው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ወደ አላስካ ከሚሄዱት መርከቦች ብዙዎቹ ከሲያትል ይነሳሉ። ሂዩስተን ላለ ቤተሰብ ደግሞ ጋልቬስተን ቅርቡ ነው። ዕረፍት፣ ምረቃ ወይም የጋብቻ በዓል ምክንያት ሆኗቸው ከሚሳፈሩት መካከል የእኛ ሰዎችም አሉ። ብዙዎቹ ግን አባል መሆናቸውንና ነጥብ እየተቆጠረላቸው መሆኑን ልብ አይሉም።

ግብዣው ምንድን ነው?

የመዝናኛ መርከብ ስንል ሰው ወይም ዕቃ ከአገር አገር የሚያመላልሰውን መርከብ ማለታችን አይደለም። መኝታ፣ ምግብ፣ ቲያትርና መዋኛ ገንዳ ያለው ተንሳፋፊ ሆቴል ነው። ለ3፣ ለ7 ወይም ለ14 ሌሊት ወደቦችን ይዞርና አብዛኛውን ጊዜ ወደተነሳበት ይመለሳል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች እያንዳንዳቸው የታማኝ ደንበኞች ማኅበር አላቸው። የሮያል ካሪቢያኑ «ክራውን ኤንድ አንከር ሶሳይቲ»፣ የፕሪንሰሱ «ካፕቴንስ ሰርክል»፣ የሆላንድ አሜሪካው «ማሪነር ሶሳይቲ» ይባላል። አንድ ጊዜ ተሳፍሮ ጉዞውን የጨረሰ ሰው አባል ይሆናል፤ በተጓዘ ቁጥርም ደረጃው ከፍ ይላል።

ግብዣው የዚህ ማኅበር ፊት ነው። ጥሪው በካቢኑ (በመኝታ ክፍሉ) በር ላይ በተሰካ ካርድ ወይም በስልክ መተግበሪያው በኩል ይደርሳል፤ ሰዓትና ቦታም ይነግራል። አብዛኛውን ጊዜ ከእራት በፊት ይደረጋል፤ ከአንድ ሰዓትም አይዘልም። በዚያው ጉዞ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳፈረው ጎረቤትህ ካርዱ አይደርሰውም። ደስታውም ቅሬታውም ከዚህ ይጀምራል።

ደረጃው የሚሰላው እንዴት ነው?

የሮያል ካሪቢያንን እንይ፤ ስሌቱ ከሁሉም ቀላል ነው። አንድ ሌሊት አንድ ነጥብ ያስገኛል። ስዊት (ሰፊና ውድ ካቢን) ለያዘ ሰው ነጥቡ እጥፍ ይሆናል። ብቻውን ተሳፍሮ የካቢኑን የሁለት ሰው ዋጋ የከፈለም በየሌሊቱ አንድ ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል። በ3 ነጥብ ጎልድ፣ በ30 ፕላቲነም፣ በ55 ኤመራልድ፣ በ80 ዳይመንድ፣ በ175 ዳይመንድ ፕላስ ይባላል። የመጨረሻው እርከን ፒናክል ክለብ ሲሆን 700 ነጥብ ይጠይቃል።

እነዚህን ቁጥሮች ወደ ኑሮ እንመልሳቸው። በዓመት አንዴ የ7 ሌሊት ጉዞ የሚያደርግ ቤተሰብ ፕላቲነም የሚሆነው በ5ኛው ዓመት ነው። ዳይመንድ ለመባል 12 ዓመት ይፈጅበታል። ፒናክል ለመድረስ ደግሞ 100 ጉዞ፣ በዓመት አንድ ከሆነም 100 ዓመት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ላይኛው እርከን ላይ ያሉት ሥራ እየሠሩ ልጅ የሚያሳድጉ ሰዎች አይደሉም ማለት ይቻላል። በብዛት ጡረተኞች ናቸው፤ በዓመት ለወራት መርከብ ላይ የሚኖሩ፣ አንዳንዶቹም ቤታቸውን ሸጠው ኑሯቸውን ባሕር ላይ ያደረጉ።

ፕሪንሰስ ለረጅም ጊዜ የሠራው በሁለት መለኪያ ነው፤ በጉዞ ብዛት ወይም በቀን ብዛት። 15 ጉዞ የጨረሰ ወይም ከ150 ቀን በላይ ያሳለፈ ሰው ኤሊት ይባላል፤ ልብሱም ያለ ክፍያ ይታጠብለታል። በረጅም ጉዞ ላይ፣ በእኔ ግምት፣ ይህ ከየትኛውም መጠጥ የሚበልጥ ጥቅም ነው። ሆላንድ አሜሪካ ደግሞ በኮከብ ይቆጥራል፤ 200 ቀን አራት ኮከብ፣ 500 ቀን አምስት ኮከብ ያሰጣል። ከኮከቡ ጎን ለጎን እንደ ቀኑ ብዛት የነሐስ፣ የብርና የወርቅ ሜዳሊያ አለ፤ ሜዳሊያውም በሥነ ሥርዓት ይሰጣል።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድን የሸባ ማይልስ ካርድ የያዘ አንባቢ ልዩነቱን ቶሎ ይረዳዋል። በአየር መንገድ የሲልቨር ወይም የጎልድ ደረጃ ጊዜ አለው፤ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ በቂ በረራ ያላደረገ ሰው ወደ ታች ይወርዳል። በመርከቦቹ ዘንድ ግን ልማዱ ሌላ ነበር። አንዴ የተገኘ ደረጃ የዕድሜ ልክ ነው፤ ለ10 ዓመት ሳይሳፈር የቆየ ዳይመንድ ሲመለስም ዳይመንድ ነው። የ2025ቱ ማስታወቂያ የነካው ይህንን ነው።

ግብዣው ላይ ምን ይደረጋል?

እንደ ኩባንያው ቢለያይም መልኩ ተመሳሳይ ነው። ቦታው ከመርከቡ ትልልቅ አዳራሾች አንዱ ወይም ቲያትር ቤቱ ነው። በሩ ላይ ሠራተኛ ካርድህን በመሣሪያ ያነብና ያስገባሃል። ትንሽ ባንድ ለስለስ ያለ ሙዚቃ ይጫወታል። አስተናጋጆች ቀድሞ የተቀዳ ነጭና ቀይ ወይን፣ ሻምፓኝ መሰል ወይን፣ የፍራፍሬ ጭማቂና ሩም ከተባለ አረቄ የተሠራ ኮክቴል በትሪ ይዘው በመቀመጫዎቹ መሀል ይዞራሉ። አብዛኞቹ ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያና ከሕንድ ለወራት ኮንትራት የመጡ ሠራተኞች ናቸው፤ ነባሩ ተሳፋሪም ብዙዎቹን በስም ያውቃቸዋል። ከሌላ መርከብ የሚያውቀውን አስተናጋጅ አግኝቶ የሚተቃቀፍ ሽማግሌ ማየት የተለመደ ነው። ለብዙዎቹ ተጋባዦች ዋናው ነገር መጠጡ ሳይሆን ይህ ይመስለኛል።

ከዚያ ካፒቴኑ ወደ መድረክ ይወጣል። ዋና መሐንዲሱን፣ የሆቴል ክፍሉን ኃላፊና የመዝናኛ ክፍሉን መሪ ያስተዋውቃል፤ ስለ አየሩና ስለ ባሕሩ ጥቂት ይናገራል። ቀጥሎ የማኅበሩ ተጠሪ ማይክሮፎን ይይዛል። በዚህ ጉዞ ስንት ጎልድ፣ ስንት ፕላቲነም፣ ስንት ኤሊት እንደተሳፈረ ያነባል፤ እያንዳንዱ እርከን ሲጠራ ጭብጨባ ይሰማል። በፕሪንሰስ መርከቦች በመጨረሻ የሚጠሩት ከተሳፋሪዎቹ ሁሉ ብዙ ቀን የተጓዙት ሦስቱ ናቸው። ቀናቸው በቁጥር ሲነገር አዳራሹ ይደነቃል፤ ሺህ ቀን የሚያልፍ ይኖራልና። ከካፒቴኑ ጋር ፎቶ ይነሳሉ፤ አንድ ጠርሙስም ይበረከትላቸዋል። በሆላንድ አሜሪካ ደግሞ ለአባላቱ ምሳ ይዘጋጃል፤ ሜዳሊያ የሚሰጠውም በዚያ ነው፤ የመርከቧ ሥዕል ያለበት ትንሽ የሸክላ ሰሌዳ መስጠትም የቆየ ልማዳቸው ነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ድሮ ካፒቴኑ በር ላይ ቆሞ እያንዳንዱን ተሳፋሪ ይጨብጥ ነበር። ዛሬ በብዙ መርከቦች ላይ ካፒቴን እጅ አይጨብጥም። ምክንያቱ ኖሮቫይረስ ነው፤ በእጅ ንክኪ በቀላሉ የሚተላለፍ፣ ትውከትና ተቅማጥ የሚያስከትል ተላላፊ በሽታ። በተዘጋ መርከብ ውስጥ በፍጥነት ስለሚዛመት ሰላምታው በክርን፣ ጡጫን ከጡጫ በማነካካት ወይም እጅን ደረት ላይ በማድረግ ተተክቷል። ቅር የሚለው ካለ ይህን ይወቅ።

ስለ አለባበስም የሚጨነቅ አለ። በአንዳንድ ኩባንያዎች ግብዣው የሚደረገው ክት በሚለበስበት ምሽት ነው። ጥሩ የሐበሻ ቀሚስ ወይም ሙሉ የአገር ልብስ ለዚያ ምሽት ከበቂ በላይ ነው። ጾም ላይ ከሆናችሁ ግን በትሪ የሚዞረው መቅመሻ ምግብ ብዙውን ጊዜ አይብ፣ ሥጋ ወይም ሽሪምፕ አለበት። ለመመገቢያ አዳራሹ ኃላፊ «ቪጋን» ብላችሁ ከአንድ ቀን በፊት ንገሩ፤ ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል እንዲሆንላችሁ የሚረዳው ቃል ይኸው ነው።

ልማዱ ከየት መጣ?

ሥሩ ሰው አትላንቲክን በመርከብ ይሻገር በነበረበት ዘመን ላይ ነው። ኩናርድ በ1840 እ.ኤ.አ. በሊቨርፑልና በሰሜን አሜሪካ መካከል መደበኛ የፖስታና የመንገደኛ ጉዞ ጀመረ። ኋላ ግዙፎቹ መርከቦች ሲመጡ ከካፒቴኑ ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥ ትልቅ ክብር ሆነ። ማን እንደሚቀመጥ የሚመረጠው በማዕረግ፣ በዝናና በሀብት ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ የጄት አውሮፕላን አትላንቲክን በሰዓታት ማቋረጥ ሲጀምር መርከቦቹ መንገደኛ አጡ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ግን ጉዞውን ራሱን መዝናኛ አድርገው የሚሸጡ ኩባንያዎች ተነሱ፤ ፕሪንሰስ በ1965፣ ኖርዌጂያን በ1966፣ ሮያል ካሪቢያን በ1968፣ ካርኒቫል በ1972። የካፒቴኑን ግብዣ ከድሮዎቹ ወረሱ።

ቀን የመቁጠሩን ነገር ያጠናከረው ደግሞ አየር መንገዱ ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ በ1981 የማይል ፕሮግራሙን ከጀመረ ወዲህ ሆቴሉም፣ የመኪና አከራዩም፣ መርከቡም ደንበኛን በቁጥር መያዝ ለመደ። ሁለቱ ልማዶች ሲገናኙ የዛሬው ግብዣ መልኩን ያዘ። ክብሩ እንደ ድሮው የካፒቴን ማዕድ ነው፤ የሚገኘው ግን በማዕረግ ሳይሆን በቀን ብዛት። በርካሹ መስኮት አልባ ካቢን የሚጓዝ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ከሚሊየነሩ በላይ ተጠርቶ ሊጨበጨብለት ይችላል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

«ነጻ» መጠጡን ማን ይከፍላል?

ገበያ ሄዶ ከአንዲት ሻጭ ሁልጊዜ የሚገዛ ሰው ምርቃት ይጨመርለታል። ሴትዮዋ ያን እፍኝ ስትጨምር ከትርፏ እየቀነሰች ቢመስልም፣ ገዢው በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ጎረቤቷ እንዳይሄድ እያደረገች ነው። የመርከቡም ግብዣ ምርቃት ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ያልተሸጠ እንጀራ ይደርቃል፤ ያልተሸጠ ካቢን ግን ከዚያ የባሰ ነው፣ መርከቡ ከወደቡ በተነሳ ደቂቃ ዋጋ ቢስ ይሆናል። ስለዚህ ኩባንያው መርከቡን ሞልቶ መነሳት አለበት። አዲስ ተሳፋሪ ለማግኘት ለማስታወቂያና ለጉዞ ወኪል ኮሚሽን ብዙ ይወጣል። ነባሩ ግን ሳይለመን፣ ገና ከአንድና ከሁለት ዓመት በፊት ይመዘገባል። ለእሱ የሚቀዳው ወይን በጅምላ የተገዛ ነው፤ ለአንድ ሰው የሚወጣው ወጪ ከጥቂት ዶላር አይበልጥም።

ሌላም አለ። እንደ ሮያል ካሪቢያን ካሉ ኩባንያዎች ገቢ ውስጥ 30 በመቶ ገደማው የሚመጣው ከቲኬት ሳይሆን ተሳፋሪው ከተሳፈረ በኋላ ከሚያወጣው ገንዘብ ነው፤ ከመጠጥ፣ ከቁማር ቤት፣ ከሱቅ፣ ከኢንተርኔትና ወደብ ላይ ከሚደረጉ ጉብኝቶች። ከእራት በፊት ለባብሶ ከካቢኑ የወጣ ሰው ግብዣው ሲያልቅ ወደ ካቢኑ አይመለስም። ቡና ቤቱም ሱቁም መንገዱ ላይ ናቸው።

ከሁሉ በላይ ግን ግብዣው የሚቀጥለው ጉዞ መሸጫ ነው። የማኅበሩ ተጠሪ ንግግሩን ሲጨርስ ስለ አዲስ መርከብ አጭር ቪዲዮ ይታያል። በማግስቱ የቀጣይ ጉዞ ቢሮው ወረፋ ይይዛል። እዚያ ለተመዘገበ ሰው በመርከቡ ላይ የሚያወጣው ገንዘብ በስጦታ ይሰጠዋል፤ እሱም መያዣ ያስይዛል። ከመፈረማችሁ በፊት መያዣው የሚመለስ ነው ወይስ የማይመለስ የሚለውን ጠይቁ። በደስታ ስሜት ውስጥ ሆኖ የማይመለሰውን መርጦ በኋላ ከሥራው የዕረፍት ፈቃድ ሳያገኝ የሚቀር አለ።

ደረጃው የማይነካው ወጪም አለ። በሮያል ካሪቢያን ለሠራተኞች የሚከፈለው የቀን አገልግሎት ክፍያ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ስዊት ላልያዘ ሰው በቀን 18.50 ዶላር ሆኗል። አራት ሆኖ ለ7 ሌሊት የሚሄድ ቤተሰብ ከቲኬቱ ውጭ 518 ዶላር ማለት ነው። ዳይመንድም ሆነ ጎልድ ይከፍለዋል።

አዳራሹ ለምን ጠበበ?

ደረጃ የዕድሜ ልክ ከሆነ፣ ሰው ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም። ኩባንያዎቹ ከ50 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ስለዚህ የላይኛው እርከን በየዓመቱ ይሰፋል። በተለይ መርከቦች ወቅት ሲለወጥ ከአውሮፓ ወደ ካሪቢያን አትላንቲክን በሚሻገሩባቸው ረጃጅም ጉዞዎች ላይ ጡረተኛው ይበዛል፤ ለላይኛው እርከን ጥቂቶች ተብሎ የተሠራው፣ ምሽት ላይ መጠጥ የሚቀርብበት ሳሎን ደጃፉ ላይ ሰልፍ ይቆምበታል። «ልዩ» የተባለው ግብዣ ከተሳፋሪው ትልቁን ክፍል የሚጠራ ከሆነ ልዩነቱ የት አለ?

ኩባንያዎቹ መላ የፈለጉት በተለያየ መንገድ ነው። አንዳንዱ ግብዣውን በሁለት ፈረቃ ከፈለው ወይም ወደ ቲያትር ቤቱ አዛወረው። አንዳንዱ ከላይኛው እርከን በላይ ሌላ እርከን ጨመረ። ሮያል ካሪቢያን ደግሞ የምሽቱን መጠጥ ከሳሎኑ አውጥቶ በካርድ ላይ ጫነው፤ ዳይመንድ በቀን 4፣ ዳይመንድ ፕላስ 5፣ ፒናክል 6 ኩፖን ያገኛሉ። ኩፖኑ እስከተወሰነ ዋጋ ድረስ በየትኛውም ባር ይሠራል። አልኮል የማይጠጣ ሰው በማኪያቶ ወይም በለስላሳ መጠጥ ሊጠቀምበት ይችላል። ምቹ ነው፤ ነገር ግን ሰዎቹን የሚያገናኘው ሰዓት ቀነሰ። በ2024 መጀመሪያ ሥራ የጀመረችው «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» በካቢን ሁለት ሰው ቢቆጠር እንኳ 5,610 ተሳፋሪ ትይዛለች። በእንዲህ ያለ መርከብ ላይ ነባሩ ከነባሩ ጋር ሳይተያይ ሳምንቱ ያልፋል።

ከቀን ወደ ገንዘብ መዞር ምን ይለውጣል?

ሁለት ተሳፋሪዎችን እናስብ። አንደኛዋ በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ፣ ቅናሽ ሲገኝ፣ በርካሹ ካቢን የምትጓዝ ጡረተኛ ናት። ሌላው በዓመት አንድ ሳምንት ብቻ ስዊት ይዞ የሚሄድ፣ ማታ ማታ ቁማር ቤት የሚቀመጥ ነጋዴ ነው። በቀን ቆጠራ እሷ ትቀድመዋለች። በገንዘብ ከተመዘኑ እሱ ይቀድማታል። ለኩባንያው የሚያተርፈው እሱ ስለሆነ ከንግድ አንጻር ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አየር መንገዶችም ቀደም ብለው ሄደውበታል። በአዲሱ የካርኒቫል አሠራር ደረጃ የሚጸናበት ጊዜም የተወሰነ ነው፤ የላይኛው እርከን እየሰፋ የሄደበትን ችግር ያቃልልለታል።

የተቆጡት ሰዎች ግን ስስታም አልነበሩም። ውሉን አምነው፣ ሌላ ኩባንያ ርካሽ ሲያቀርብላቸው እንኳ ሳይሄዱ፣ ዓመታት የቆጠሩ ናቸው። የተነገራቸው «ቀንህ ይቆጠራል» ነበር። ሌሎቹ ኩባንያዎች እስካሁን በአመዛኙ የሄዱት በሌላ መንገድ ነው፤ በቅርብ ዓመታት የሮያል ካሪቢያን ግሩፕ በእህት ኩባንያዎቹ በሰለብሪቲና በሲልቨርሲ ዘንድ የደንበኛው ደረጃ እንዲታወቅለት አድርጓል። በካርኒቫል ኮርፖሬሽን ሥር ያሉት ካርኒቫል፣ ፕሪንሰስ፣ ሆላንድ አሜሪካና ኩናርድ ግን ባለቤታቸው አንድ ሆኖ ሳለ ማኅበራቸው የየራሳቸው ሆኖ ቆይቷል። በአንዱ ያጠራቀመ በሌላው እንደ አዲስ ይቆጠር ነበር።

የእኛ ቤተሰቦች ምን ያረጋግጡ?

ዋናው ስም ነው። በሮያል ካሪቢያን ደንብ በአንድ ቤት የሚኖሩ ባልና ሚስት ከሁለቱ ከፍ ያለውን ደረጃ ይጋራሉ፤ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችም የወላጅን ደረጃ ያገኛሉ። እኛ ዘንድ ግን ሚስት የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች፤ ልጆቹ የሚጠሩት በአባታቸው ስም ነው። ኮምፒዩተሩ እናትና ልጅን፣ ባልና ሚስትን አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን በስም አይለይም። ስለዚህ ደረጃው ሳይያያዝ እንዳይቀር የአባልነት ክፍሉን በስልክ ወይም በኢሜይል ጠይቆ በአንድ አድራሻ ማስመዝገብ ይበጃል።

ሁለተኛው የፊደል አጻጻፍ ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት በአንድ መልክ፣ ዜግነት ከተገኘ በኋላ በሌላ መልክ የተጻፈ ስም ያለው ሰው በሁለት የአባልነት ቁጥር ሊመዘገብ ይችላል፤ ነጥቡም ለሁለት ይከፈላል። በፓስፖርት ላይ የአያት ስም ገብቶ በድሮው ምዝገባ ላይ ከሌለም እንዲሁ ነው። የቆዩ የጉዞ ደረሰኞችን ይዞ ማመልከት ሁለቱን ለማዋሃድ ይረዳል። ይህን መጨረስ ያለበት ከመሳፈር በፊት ነው፤ መርከቡ ላይ ያለው ተጠሪ የሚጠራው ጉዞው ሲጀመር በደረሰው ዝርዝር መሠረት ነውና።